ገዳዩን ከመርማሪው ቀድሞ ማግኘት፦ የግድያ ምሥጢር ልብወለዶችን የመምረጥና የማንበብ መመሪያ

ዱሮ ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ አንድ የአጋታ ክሪስቲ ልብወለድ ገዛሁ። ገና ሦስተኛው ገጽ ላይ ስደርስ፣ ከእኔ በፊት ያነበበው ሰው የአንዱን ገጸ ባሕርይ ስም በእርሳስ አክብቦ ከጎኑ «ገዳዩ ይሄ ነው» ብሎ ጽፎ አገኘሁ። መጽሐፉን እስከ መጨረሻው አነበብኩት፤ ልክ ነበር። ያንን መጽሐፍ ግን እስከ ዛሬ አንብቤዋለሁ ብዬ አልቆጥረውም። እንዲህ ያለ መጽሐፍ የሚነበበው ገዳዩን ለማወቅ ብቻ አይደለም፤ ራስ ፈልጎ ለማግኘት ነው። ጸሐፊው ፍንጩን ሁሉ ፊታችን አስቀምጦ እያየን እንዳናየው ያደርገናል፤ እኛ ደግሞ ልናየው እንታገላለን። ትግሉን የቀማን ሰው መጽሐፉን ቀምቶናል።

ከዚህ በታች የማካፍላችሁ እኔ ራሴ የምሠራበትን መንገድ ነው፤ ከየትኛው መጽሐፍ እንደሚጀመር፣ በምን ቅደም ተከተል እንደሚኬድ፣ ሲነበብ ምን እንደሚጻፍ። የማንኛውንም መጽሐፍ ገዳይ አልናገርም። የሚያስፈልጋችሁ አንድ ደብተር፣ አንድ እርሳስና ስልክ የማይጠራበት አንድ ሁለት ሰዓት ነው።

1. መጽሐፉን ከወሬ ጠብቁት

አሮጌ መጽሐፍ ከገዛችሁ፣ ከመጀመራችሁ በፊት ሌላ ሰው ገጾቹን ገለጥ ገለጥ አድርጎ የተጻፈበት ነገር ካለ እንዲያጠፋላችሁ ለምኑ። አዲስ ከሆነ ደግሞ መግቢያውን ዝለሉት። በኋላ የታተሙ እትሞች ላይ ምሁራን የሚጽፉት መግቢያ መጽሐፉን አስቀድሞ ላነበበ ሰው የተጻፈ ያህል ስለሆነ፣ መጨረሻውን ሳያስበው ያወጣዋል። ጨርሳችሁ ብታነቡት ይጣፍጣል። የመጽሐፉን ስም ኢንተርኔት ላይ መፈለግም ይቅርባችሁ፤ ገና ስሙን ስትጽፉ መፈለጊያው ከሥር የሚደረድራቸው ጥያቄዎች ራሳቸው ነገሩን ያፈርጡታል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ አደጋ ደግሞ አለ፤ አንዱ መጽሐፍ ሌላውን ያጋልጣል። የክሪስቲ «ዲዳው ምስክር» (1937) ውስጥ የእሷ ዋና መርማሪ ኤርኩል ፖዋሮ ስላለፉት ምርመራዎቹ ሲያወራ የአራት ቀደምት መጻሕፍትን ገዳዮች በስም ይጠራል። «ካርዶቹ ጠረጴዛው ላይ» (1936) ደግሞ በታች የምጠቅሰውን የኦሪየንት ኤክስፕረሱን መጽሐፍ ምሥጢር የሚያወጣ ንግግር አለው። ሁለቱም ጥሩ መጻሕፍት ናቸው፤ ግን መጨረሻ ላይ ይሁኑ።

2. በአጭር ታሪክ እጃችሁን አፍታቱ

ባለ ሦስት መቶ ገጽ ልብወለድ ከማንሳታችሁ በፊት በአንድ ቁጭታ የሚያልቁ ሁለት አጫጭር ታሪኮች አንብቡ።

አንደኛው የዚህ ሁሉ ሥነ ጽሑፍ መነሻ ተብሎ የሚቆጠረው፣ ኤድጋር አለን ፖ በ1841 ያሳተመው «የሩ ሞርግ ግድያዎች» ነው። ፓሪስ ውስጥ እናትና ልጅ ቤታቸው ውስጥ ተገድለው ይገኛሉ። ጩኸት ሰምተው ደረጃውን የወጡ ሰዎች ሁሉ ከውስጥ ሁለት ድምፅ እንደሰሙ ይመሰክራሉ። አንዱ የፈረንሳይ ሰው ድምፅ ነው፤ በዚያ ይስማማሉ። ሁለተኛው ቀጭን ድምፅ ግን በምን ቋንቋ ነበር? የሆላንዱ ሰው ፈረንሳይኛ ነው ይላል፤ ቃሉን የሰጠው ግን ፈረንሳይኛ ስለማይችል በአስተርጓሚ ነው። እንግሊዛዊው ጀርመንኛ ነበር ይላል፤ ጀርመንኛ አያውቅም። ስፔናዊው እንግሊዝኛ፣ ጣሊያናዊው ደግሞ ሩሲያኛ ነው ይላሉ። እዚህ ጋ መጽሐፉን አስቀምጡና አስቡ። እኛ ብዙ ቋንቋ በሚነገርበት አገር ያደግን ሰዎች ይህን ነገር በደንብ እናውቀዋለን፤ ታክሲ ውስጥ ከኋላችን የማናውቀው ቋንቋ ሲወራ «ይሄ እንትንኛ መሆን አለበት» እንላለን። ምስክሮቹ አልዋሹም። ግን ከመካከላቸው አንድም ሰው የሚያውቀውን ቋንቋ አልሰማም። ፍንጩ ያለው በተናገሩት ውስጥ ሳይሆን ሁሉም ሳይናገሩት በቀሩት ውስጥ ነው።

ሁለተኛው የአርተር ኮናን ዶይል «ባለ ነጠብጣቡ ባንድ» (1892) ነው። አንዲት ሴት በሌሊት ከቆለፈችው ክፍሏ ወጥታ ልትሞት ስትል ለእህቷ «ባንዱ ነው! ባለ ነጠብጣቡ ባንድ!» ትላታለች። ባንድ በእንግሊዝኛ የሰዎች ጭፍራም ጥብጣብም ማለት ነው፤ በግቢው አጠገብ ደግሞ ነጠብጣብ ያለበት መሐረብ የሚያስሩ ዘላን ሰዎች ሰፍረዋል። ቅኔ የሚወድ አንባቢ እዚህ ቤቱ ይገባል፤ ሟቿ የተናገረችው ኅብረ ቃል ነው። ሰሙን ይዞ የሮጠ ይሳሳታል። ከዚህ በኋላ በምታነቡት መጽሐፍ ሁሉ፣ ሰው ሊሞት ሲል የሚናገረው ቃል ላይ ቆም ብላችሁ «ይህ ቃል ሌላ ምን ማለት ይሆናል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሁለቱም ታሪኮች ፕሮጀክት ጉተንበርግ በሚባለው የመጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛሉ።

3. የመጀመሪያዎቹን አራት ልብወለዶች በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ

አራቱም የአጋታ ክሪስቲ ናቸው። ከእሷ ጀምሩ የምለው ስለ ዝናዋ ብዬ አይደለም። እንግሊዝኛዋ ቀላል ነው፤ ዐረፍተ ነገሮቿ አጫጭር ናቸው፣ ንግግር ይበዛቸዋል። ትምህርት ቤት በተማርነው እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ብዙም ሳናገላብጥ መከተል እንችላለን። የሌሎቹን፣ በተለይ የዶሮቲ ሴየርስን፣ ያለ ልምምድ ከጀመራችሁ ከገዳዩ በፊት ቋንቋው ይገድላችኋል።

መጀመሪያ «በስታይልስ የደረሰው ምሥጢራዊ ጉዳይ» (1920)። የክሪስቲ የመጀመሪያ ልብወለድ ነው፤ ፖዋሮ ከሚባለው ከቤልጅየም በጦርነት የተሰደደ አዛውንት መርማሪ ጋርም የምንተዋወቀው እዚህ ነው። ግድያው በመርዝ ነው። ክሪስቲ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ በትውልድ ከተማዋ ቶርኪ ሆስፒታል መድኃኒት ቤት ውስጥ መድኃኒት ትቀምም ነበር፤ ስለዚህ በዚህ መጽሐፍ ስለ መድኃኒት የሚነገር እያንዳንዱ ነገር ቁም ነገር ነው። ጠርሙስ ባያችሁ ቁጥር ማስታወሻ ያዙ።

ሁለተኛ «ሞት በናይል ላይ» (1937)፣ ሦስተኛ «በኦሪየንት ኤክስፕረስ ላይ የተፈጸመው ግድያ» (1934)። አንዱ በመርከብ፣ ሌላው በረዶ ባገደው ባቡር ውስጥ ነው። ባቡሩ በበረዶ መታገቱ ተረት አይደለም፤ በ1929 እውነተኛው ኦሪየንት ኤክስፕረስ ቱርክ ውስጥ በበረዶ ተይዞ ለቀናት ቆሟል።

«የሮጀር አክሮይድ ግድያ» (1926) አራተኛ ይሁን። ይህን መጽሐፍ ብዙዎች መጀመሪያ አንብቡት ይላሉ፤ እኔ አልስማማም። ድንጋጤው የሚገባው የጨዋታውን ሕግ በሚገባ ለለመደ ሰው ነው። ሲወጣ «አንባቢን አታላለች፣ አላታለለችም» የሚል ክርክር አስነስቷል፤ ስታነቡት በዚህ ክርክር የየትኛው ወገን እንደሆናችሁ ታውቃላችሁ። ከዚህ በላይ ስለዚህ መጽሐፍ ማንም ምንም እንዲነግራችሁ አትፍቀዱ።

በአሜሪካ ሕግ የስታይልስና የአክሮይድ የቅጂ መብት ስላለቀ እዚያ ያላችሁ በነፃ ማውረድ ትችላላችሁ። ክሪስቲ የሞተችው በ1976 ስለሆነ በአውሮፓ መብቷ ገና አላለቀም፤ እዚያ ያላችሁ ከቤተ መጻሕፍት ተዋሱ።

«ከዚያም ማንም አልቀረም» (1939) የሚለውን ከዚህ ዝርዝር ያወጣሁት አውቄ ነው። አሥር ሰዎች ደሴት ላይ ተጋብዘው አንድ በአንድ ይሞታሉ፤ መርማሪ የለም። እሱ በደብተር የሚነበብ አይደለም። ዝናብ በሚዘንብበት ሌሊት፣ በአንድ ቁጭታ ጨርሱት።

4. ደብተሩን እንዲህ ክፈሉት

አብዛኛው አንባቢ ማስታወሻ መያዝ ደስታውን የሚያጠፋ ይመስለዋል። ሞክሩትና ፍረዱ። ደብተሩን አራት ቦታ ክፈሉት።

ሀ. ስሞች። አንድ ሰው ሲጠቀስ ወዲያው ስሙንና ገጹን ጻፉ፣ ቤት የምታጸዳ ሠራተኛም ብትሆን። የእኛን አንባቢ ክፉኛ የሚያደናግረው እዚህ ጋ ነው። በእኛ ዘንድ ሁለተኛው ስም የአባት ነው፤ ሚስት የባሏን ስም አትወስድም። በእንግሊዝ ግን ባልና ሚስት፣ ወንድምና እህት፣ አጎትና የወንድም ልጅ ሁሉ በአንድ የቤተሰብ ስም ይጠራሉ፤ ያው ሰው ደግሞ በአንድ ገጽ በቤተሰብ ስሙ፣ በሌላው በመጠሪያ ስሙ፣ በሦስተኛው በቁልምጫ ስሙ ይመጣል። ቁልምጫው ከዋናው ስም ጋር ላይመሳሰል ይችላል፤ ዊልያም ቢል፣ ጆን ጃክ፣ ኤድዋርድ ኔድ፣ ማርጋሬት ፔጊ፣ ሜሪ ፖሊ ይባላሉ። ሙሉ ምሥጢሩ በቁልምጫ ስም ላይ የቆመ ታዋቂ መጽሐፍ አለ። የትኛው እንደሆነ አልነግራችሁም፤ ይህን ክፍል በትክክል ከሞላችሁ ግን ስትደርሱበት ትይዙታላችሁ።

ለ. ሰዓት። ማን በስንት ሰዓት የት ነበር። አንድ ምክር፦ የመጽሐፉን 9፡15 ወደ እኛ አቆጣጠር ቀይራችሁ 3፡15 ብላችሁ አትጻፉ። ግማሹን ቀይራችሁ ግማሹን ትረሱና፣ ሟቹ ከሞተ በኋላ ራት ሲበላ ታገኙታላችሁ። እንዳለ ጻፉት።

ሐ. ያየሁትና የሰማሁት። ትልቁ ክፍል ይህ ነው። በእያንዳንዱ ነገር ፊት አንዲት ፊደል አድርጉ፤ ተራኪው በዓይኑ ያየው ከሆነ «አ»፣ ሌላ ሰው የነገረው ከሆነ «ሰ»። «በሩ ከውስጥ ተቆልፎ ነበር» የሚለውን ተራኪው ራሱ እጀታውን ሞክሮ ነው ወይስ አሽከሩ ነግሮት? «በአሥር ሰዓት ተኩስ ተሰማ» ሲባል የተሰማው ተኩስ ነው ወይስ ተኩስ የመሰለ ድምፅ? «ሟቹ በዘጠኝ ሰዓት በሕይወት ነበር» ያለው ማነው? እሱን ያየ ወይስ ከበሩ ውጭ ድምፁን የሰማ? መጽሐፉን ስታጋምሱ ወደዚህ ክፍል ተመለሱ። «እርግጥ» ያልናቸው ነገሮች አብዛኞቹ «ሰ» የተጻፈባቸው ሆነው ስታገኙ ትደነግጣላችሁ።

መ. ያልገባኝ። ቦታውን ያልጠበቀ፣ ለምን እንደተጻፈ የማይገባ ትንሽ ነገር። የተቀየረ አምፖል፣ የተንቀሳቀሰ ወንበር፣ ሁለት ጊዜ የተጠየቀ ጥያቄ። በኋላ መልሱ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ከዚህ ገጽ ነው።

5. ፍንጭ የሚደበቅበትን ቦታ ልመዱ

ለማሳያ አንዲት አንቀጽ ልጻፍላችሁ። ቀስ ብላችሁ አንብቧት።

«ውጭ ዝናቡ አላባራም። ባልቴቷ ጀበናውን አወረዱ፤ ዕጣኑ ገና ይጨሳል። ልጃቸው ዜና ይሰማል፣ የጎረቤት ልጅ ፈንዲሻውን በሰፌድ ይዛ ቆማለች። አከራዩ ገብተው ጋቢያቸውን አጣጥፈው ከጀርባቸው አደረጉና ተደግፈው ተቀመጡ። ‹የታክሲው ሰልፍ አያድርስ ነው፤ ከመርካቶ በእግሬ መጣሁ› አሉ። ይህን ብለው ሳይጨርሱ ከጓዳ ጩኸት ተሰማ።»

አከራዩ ዋሽተዋል። በዚያ ዝናብ ከመርካቶ በእግሩ የመጣ ሰው የሚያንጠባጥብ ጋቢ እሳት ዳር ያሰጣል እንጂ አጣጥፎ አይደገፈውም። ሦስቱም ነገሮች፣ ዝናቡ፣ ጋቢውና መንገዱ፣ በግልጽ ተነግረዋል። የተደበቁት እንዴት ነው? ዝናቡ መጀመሪያ ላይ ለማሟሟቂያ መስሎ ገባ፤ በመካከሉ ዕጣን፣ ዜናና ፈንዲሻ ተደረደሩ፤ ውሸቱ በታክሲ ምሬት ተሸፈነ፤ ወዲያው ደግሞ ጩኸቱ መጥቶ ዓይናችንን ወሰደው።

ስለዚህ ስታነቡ ሁለት ቦታ ላይ ተጠንቀቁ፤ ዕቃ ወይም ሰው በተርታ ሲዘረዘር መካከለኛው ላይ፣ ድንገተኛ ነገር ሲፈጠር ደግሞ ከሱ በፊት ያለው ዐረፍተ ነገር ላይ። ጩኸት በሰማችሁ ቁጥር አንድ አንቀጽ ወደኋላ ተመለሱ።

6. የጨዋታውን ሕግ መሣሪያ አድርጉት

በ1929 ሮናልድ ኖክስ የሚባሉ እንግሊዛዊ የካቶሊክ ቄስ፣ እሳቸውም የዚህ ዓይነት ልብወለድ ጸሐፊ ነበሩ፣ ለደራሲዎች ሕግጋት አወጡ። ገዳዩ በታሪኩ መጀመሪያ አካባቢ የተጠቀሰ ሰው ይሁን፤ መንፈስና አስማት አይግባ፤ ሳይንስ የማያውቀው መርዝ አይኑር፤ መርማሪው ያገኘውን ፍንጭ ከአንባቢ አይደብቅ፤ መንትያ ካለ አስቀድሞ ይነገር። ለደራሲ የተጻፈ ነው፤ ለአንባቢ ግን ማጥለያ ወንፊት ይሆናል። ከመጽሐፉ ሲሶ በኋላ ብቅ ያለውን ሰው ከተጠርጣሪነት አውጡት። የተቆለፈውን ክፍል ጋኔን ከፈተው የሚለውን ወሬ የሚያስወራ ሰው ካለ ደግሞ ለምን እንደሚያስወራ ጠይቁ።

በመርከብ፣ በባቡር፣ በደሴት ላይ የሚሆኑት ታሪኮች የሚጥሙን ያለ ምክንያት አይመስለኝም። በአገራችን ዱሮ ወንጀለኛው ሲጠፋ የአካባቢው ሰው በሙሉ ለአፈርሳታ ይሰበሰብና ነገሩ እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም ነበር። የክሪስቲ በረዶ ሥራው ያው ነው። ገዳዩ ከተሰበሰቡት አንዱ ነው፤ ከውጭ የመጣ የለም። አፈርሳታ ላይ እንደተቀመጠ ሽማግሌ፣ አብዝቶ የሚናገረውን ብቻ ሳይሆን ማንም ያልጠየቀውንም ሰው ተመልከቱ።

7. ከመጨረሻው በፊት ቁሙ

መርማሪው ሁሉንም ሰው ሲሰበስብ፣ ወይም «አሁን ሁሉም ገብቶኛል» ሲል፣ መጽሐፉን ዝጉት። ከባድ ነው፤ ግን አድርጉት። ደብተሩ ላይ ሦስት መስመር ጻፉ፦ ማን፣ እንዴት፣ ለምን። በግምት «ሚስቲቱ ትመስለኛለች» ብሎ መጻፍ አይቆጠርም፤ «እንዴት» የሚለውን ካልመለሳችሁ አላገኛችሁም። ቢያንስ አንድ ሌሊት አሳድሩት። እኔ ከመኝታ በፊት ያልታየኝ ነገር ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ብልጭ ያለልኝ ጊዜ አለ።

ከዚያ ጨርሱት። ከተሳሳታችሁ ወዲያውኑ ወደ መጀመሪያው ምዕራፍ ተመለሱና ገዳዩ የሚናገርበትን እያንዳንዱን ገጽ ብቻ ድጋሚ አንብቡ። አንድ ሰዓት አይፈጅም። ጸሐፊው የት እንዳሳለፈባችሁ ታያላችሁ፤ በሚቀጥለው መጽሐፍ የምትጠቀሙበት ትምህርት ይህ ነው። ድጋሚ ሲነበብ ፍንጩ የሌለበት ሆኖ ከተገኘ ጥፋቱ የጸሐፊው ነው፤ የዚያን ሰው ሌላ መጽሐፍ ለመግዛት አትቸኩሉ።

8. ከዚያ በኋላስ?

አንድ ፍንጭ ብዙ መልስ ሊኖረው እንደሚችል ለማየት የአንተኒ በርክሊን «የተመረዘው ቸኮሌት ጉዳይ» (1929) አንብቡ፤ ስድስት ሰዎች አንድን ግድያ በስድስት መንገድ ይፈቱታል። በራሳችሁ መልስ ላይ ያላችሁን መተማመን ያላላዋል፤ ደግ ነገር ነው።

የተቆለፈ ክፍል ምሥጢር ከሳባችሁ የጆን ዲክሰን ካር «ባዶው ሰው» (1935) አለ። አሥራ ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ መርማሪው ዶክተር ፌል ታሪኩን አቁሞ በተቆለፈ ክፍል ሰው የሚገደልባቸውን መንገዶች ሁሉ ያስተምራል። ቀጥሎ የጃፓኑን የሴይሺ ዮኮሚዞን «የሆንጂን ግድያዎች» (1946)፤ የሠርግ ሌሊት፣ በረዶ ላይ የሰው ዱካ የለም፣ ኮቶ የሚባለው የጃፓን ባለ ክር የሙዚቃ መሣሪያ ሲመታ ይሰማል።

የሌላው ጃፓናዊ፣ የኬይጎ ሂጋሺኖ «የተጠርጣሪ ኤክስ ታማኝነት» (2005) ነገሩን ገልብጦታል። ገዳይዋንና የተገደለውን ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ እናውቃለን፤ ጎረቤቷ የሆነው የሒሳብ መምህር ወንጀሉን ይደብቅላታል። ሁሉን የምናውቅ ይመስለናል። በዚህ ክፍለ ዘመን ከታተሙት አንድ ብቻ ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ፤ መጨረሻው ላይ መጽሐፉን ደረቴ ላይ አድርጌ ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ነበር የተቀመጥኩት።

የጆሴፊን ቴይ «የጊዜ ልጅ» (1951) እግሩ ተሰብሮ ሆስፒታል የተኛ መርማሪ፣ በ1483 የጠፉትን ሁለት ሕፃናት መሳፍንት የእንግሊዙ ንጉሥ ሪቻርድ ሦስተኛ ገድሏቸው ይሆን ብሎ ከአልጋው ሳይነሣ በመጻሕፍት ሲመረምር ያሳያል። የብሪታንያ የወንጀል ጸሐፊዎች ማኅበር በ1990 ከሁሉም አንደኛ ብሎ መርጦታል። እዚህ የደብተሩን «አ» እና «ሰ» ይዛችሁ ግቡ፤ የታሪክ መጻሕፍት ምን ያህል «ሰ» እንደሆኑ ታያላችሁ።

የኡምቤርቶ ኤኮን «የጽጌረዳዋ ስም» (1980) መጨረሻ አድርጉት። በ1327 ጣሊያን ውስጥ ባለ ገዳም መነኮሳት አንድ በአንድ ይሞታሉ፤ ምሥጢሩ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ይመራል። ላቲኑና የሃይማኖት ክርክሩ ብዙዎችን መጀመሪያ ላይ ያባርራል። ኤኮ ያንን የጀመረበትን መቶ ገጽ እንዲያሳጥር ሲጠየቅ እምቢ ብሏል፤ ወደ ገዳም የሚገባ ሰው መጀመሪያ ንስሐ መግባት አለበት ባይ ነው። በብራና መጻሕፍትና በሰዓታት ጸሎት ድምፅ ውስጥ ላደገ አንባቢ ግን ይህ መጽሐፍ ከሚመስለው በላይ ቅርብ ነው፤ ምዕራፎቹ ራሳቸው በጸሎት ሰዓት የተከፈሉ ናቸው።

አንድ ቀሪ ሥራ አለ። መጽሐፉን ለጓደኛ ከማዋሳችሁ በፊት ላጲስ ይዛችሁ ተቀመጡና በኅዳጉ ላይ ያደረጋችሁትን ምልክት ሁሉ፣ ትንሿን ነጥብ ሳይቀር፣ አጥፉ። ደብተሩን ግን አታውሱ።